የታንክ ሰንሰለት በሮተርዳም ወጥ ቤት

በዚህ ገጽ ላይ ስለ መኖሪያ ፈቃድ፣ ስለ ቤት ወረፋ፣ ስለ ማኅበሮቻችን መሰነጣጠቅ ብዙ ጽፈናል። ዛሬ የምናወራችሁ ግን በሮተርዳም ደቡብ፣ በአንድ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ስለ ተሠራች የፕላስቲክ ታንክ ነው። «አገር እየታመሰ ታንክ መጫወት ደግሞ ምን የሚሉት ነው?» የሚለን እንደማይጠፋ እናውቃለን። እኔም መጀመሪያ ያልኩት ይህንኑ ነበር።

ልጄ አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው። የተወለደው እዚሁ ሆላንድ ነው። ደችኛውን እንደ ውኃ ይጠጣዋል፤ አማርኛውን ግን ይሰማል እንጂ አይመልስም። ልደቱ ሲቃረብ ምን ልግዛልህ ብለው «ቲ-55» አለኝ። ከየት አመጣኸው ብዬ ስጠይቀው፣ አጎቱ ስልክ ላይ ከአገር ቤት የተላከ ፎቶግራፍ አይቷል። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በዘለቀው ጦርነት መንገድ ዳር ተቃጥሎ የቀረ ታንክ ነው። ሰንሰለቱ ወልቆ ከጎኑ ተዘርግቷል። ልጁን የሳበው እሳቱ አይደለም፣ ያ የተዘረጋ ሰንሰለት ነው። «አባባ፣ ይኼ ነገር እንዴት ነው የሚገጠመው?» አለኝ፤ ያውም በአማርኛ።

ለእኔ ቲ-55 የዕቃ ስም አይደለም። ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ሲገባ የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከተማዋን ይዘው የገቡት ታንኮች ከራሱ ከደርግ ሠራዊት የተማረኩ ቲ-55ቶች ነበሩባቸው። እኛ አራት ኪሎ አካባቢ አልጋ ሥር ተኝተን ስናዳምጥ ከመድፉ ይልቅ በጆሮዬ የቀረው የሰንሰለቱ ጩኸት ነው፤ ብረት አስፋልትን ሲፍቅ። ነገሩ በረድ ብሎ ስንወጣ መንገዱ ላይ እንደ ተጋደመ መሰላል የተቀረጸ ዱካ አገኘን። የሰፈር ልጆች በእርምጃ እየለካን ስንዘልበት ሰነበትን።

እንግዲህ ሣጥኑን ገዛሁለት። መጠኑ አንድ ለሠላሳ አምስት ነው፤ ማለትም የእውነተኛው ታንክ 35 ሴንቲሜትር እዚህ አንድ ሴንቲሜትር ይሆናል። ይህ ቁጥር ከየት መጣ የሚል ካለ፣ ታሪኩ ያስቃል። ታሚያ የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1961 የጀርመኑን ፓንተር ታንክ በሞተር የሚንቀሳቀስ አድርጎ ሲሠራ፣ ባትሪውና ሞተሩ ውስጡ እንዲገባ አካሉን በሚበቃው መጠን ቀረጸው። በኋላ ሲለካ አንድ ለሠላሳ አምስት ሆኖ ተገኘ። ዓለም ሁሉ ያንን ተከትሎ ቀረ። ዴንሃግ ያለውን ማዱሮዳምን ያየ ሰው ደግሞ እዚያ ቤቱም ባቡሩም አንድ ለሃያ አምስት መሆኑን ያስታውስ ይሆናል። ልጆቻችንን ይዘን የምንሄድበት ያ የመጫወቻ ከተማ በ1952 የተከፈተው ለመታሰቢያ ነው። ስሙን ያገኘው ከጆርጅ ማዱሮ ነው፤ እሱም በ1940 ከጀርመን ጋር የተዋጋ መኮንን ነበር፤ በየካቲት 1945 ዳካው በሚባለው የናዚ ማጎሪያ ሞተ። ሆላንዶች ትንሽ አድርጎ መሥራትን እንደ ቀልድ እንደማያዩት ከዚህ ይታወቃል።

ወደ ሰንሰለቱ እንመለስ። ሞዴል የሚሠራ ሰው ሁሉ የሚፈራው እሱን ነው። የታንኩ አካል በሁለት ማታ ያልቃል። ሰንሰለቱ ግን ሳምንታት ይበላል፤ ከተበላሸም የቀረው ሁሉ ተበላሸ ማለት ነው። ሦስት ዓይነት ይገኛል። አንደኛው እንደ ቀበቶ ወጥ የሆነ የላስቲክ ሰንሰለት ነው። ሁለተኛው እያንዳንዱ አንጓ ለብቻው ከፕላስቲክ የተሠራ ነው። ሦስተኛው እንደ ሃንጋሪው ፍሪውል ያሉት የሚያወጡት የብረት ሰንሰለት ሲሆን አንጓዎቹ በቀጭን ሽቦ ይያያዛሉ፤ ውብ ነው፣ ዋጋው ግን ከታንኩ አይተናነስም።

እኛ የጀመርነው በላስቲኩ ነበር፣ ያገለገለ ሣጥን በርካሽ አግኝተን። ሁለቱን ጫፎች በጋለ ዊንች አቅልጠን አያያዝን። ግን ላስቲክ ክብደት የለውም፤ ከጎማዎቹ በላይ እንደ ክራር ጅማት ተወጥሮ ቀረ። እኔ ምን ቸገረኝ ብዬ ቀለም ቀባሁት፤ በአኳራጅ አጠብኩት። በሦስተኛው ቀን ጧት ስንነሳ ሁለት ቦታ ተበጥሶ ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል። ያረጀ ላስቲክና አኳራጅ እንደማይስማሙ ያወቅነው ያኔ ነው። ልጁ ሊያለቅስ ደረሰ፤ እኔም ስለ ገንዘቤ።

ሁለተኛው ሣጥን ኪየቭ ካለው ከሚኒአርት የመጣ ነው። በዚህኛው አንጓዎቹ አንድ በአንድ ናቸው። በእውነተኛው ቲ-55 በአንድ ጎን 90 አንጓ አለ፣ በሁለቱ 180። የእውነተኛው አንጓ ወርድ 58 ሴንቲሜትር ነው፤ በእኛ ጠረጴዛ ላይ አንድ ሴንቲሜትር ከስድስት ሚሊሜትር ተኩል ገደማ ሆኗል። ይህችን ከፕላስቲክ ፍሬሟ በምላጭ መቁረጥ፣ የቀረውን ጉጥ በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት ማስተካከል፣ በወረንጦ ይዞ መደርደር፤ ይህ እንግዲህ መቶ ሰማንያ ጊዜ ነው። ሥራውን ተካፈልን። እኔ ቆራጭ፣ እሱ ሞራጅ። ቆጠራው በአማርኛ ይሁን አልኩት። ስልሳና ሰባን እያቀያየረ፣ ሰማንያ ላይ እየጠፋበት፣ ከመጀመሪያው እየጀመረ በአራተኛው ማታ ዘጠና ደረሰ። የቅዳሜ ትምህርት ቤት በሁለት ዓመት ያላስቻለውን ነው፤ ይህን ስል አስተማሪዎቹን ለመውቀስ አይደለም፣ እነሱ ታንክ የላቸውም።

ማጣበቁ እንዲህ ነው። አንጓዎቹን በማስመሪያ ጠርዝ ላይ ቀጥ አድርጎ መደርደር፤ ከሥር ወረቀት ፕላስተር ማድረግ። ውኃ የመሰለውን ሙጫ በቀጭን ብሩሽ በየመገጣጠሚያው ማስነካት። ከዚያ መጠበቅ። ግማሽ ሰዓት ያህል ሲቆይ ሙጫው ይዟል፣ ግን ገና አልደረቀም፤ ሰንሰለቱ እንደ ለጋ ቆዳ ይታጠፋል። ያኔ ነው ጎማዎቹ ላይ የሚጠቀለለው። የዘገየ ይሰበርበታል፣ የቸኮለ ይበታተንበታል።

ቲ-55 በየጎኑ አምስት ትልልቅ ጎማ አላት፤ በአንደኛውና በሁለተኛው መካከል ሰፋ ያለ ክፍተት አለ። የሚነዳው ጥርሳም መንኮራኩር ከኋላ ነው፤ ከፊት ያለው ሰንሰለቱን የሚወጥረው ነው። ከላይ ሰንሰለቱን የሚሸከም ትንንሽ ጎማ የላትም። ስለዚህ የላይኛው ሰንሰለት በራሱ ክብደት ወርዶ በጎማዎቹ ጀርባ ላይ ይተኛል፤ ከፊትና ከኋላ ብቻ ይረግባል። በሞዴሉ ይህን ለማምጣት በሰንሰለቱና በአካሉ መካከል ስፖንጅ ወትፎ ሙጫው እስኪደርቅ ማሳደር ነው። እኛም አሳደርነው። ኮራን።

ኩራታችን እስከ ዴንሃግ ድረስ ነበር።

በዴንሃግ አንድ ምግብ ቤት፣ ይህ ጋዜጣ በሚቀመጥበት፣ ዘወትር እሑድ ከሰዓት ቡና የሚጠጡ አንድ አዛውንት አሉ። ስማቸው እንዲጻፍ አልፈለጉም፤ ጋሼ እንበላቸው። በወጣትነታቸው የታንክ ነጂ ነበሩ፤ መጀመሪያ በምሥራቅ፣ በኋላ በሰሜን። ስለዚያ ጊዜ ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም። በዚህ አገር የደርግን ዘመን አንስቶ ማውራት ቀላል አይደለም። እዚያው ዴንሃግ ያለ ፍርድ ቤት በዲሴምበር 2017 አንድ የቀድሞ የደርግ ሹም እ.ኤ.አ. በ1978 ጎጃም ውስጥ በተፈጸመ የጦር ወንጀል የዕድሜ ልክ እስራት ፈርዶበታል፤ በ2022ም ይግባኙ ወድቆ ፍርዱ ጸንቷል። ከእኛ ብዙዎቻችን ያንን ፍርድ በደስታ ነው የተቀበልነው። ግን ከዚያ ወዲህ ወታደር ብቻ የነበረውም፣ ጣት የሚጠቆምበት ነገር የሌለውም፣ ዝም ማለትን መርጧል። ጋሼም ከእነዚህ አንዱ ናቸው።

ልጄ ታንኳን በጫማ ካርቶን ይዞ በባቡር ወሰድነው። ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጣት ጋሼ ሲኒያቸውን አኖሩ። መነጽራቸውን አውልቀው አዩ፣ መልሰው አድርገው አዩ። ከብዙ ዝምታ በኋላ የጠየቁት ልጁን ነው።

«ስንት ቆጠርክ?»

«ዘጠና።»

«ይህቺ ታንክ አዲስ ናት?»

ልጁ ወደ እኔ አየ። አዲስ አይደለችም አልኩ፤ የሠራችና የደከመች ልናደርጋት ነው።

«እንግዲያ ዘጠና አይሆንም። አንድ አውጣ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። አንጓዎቹ የሚያያዙት በብረት ፒን ነው። ታንኩ በሄደ ቁጥር ፒኑም ቀዳዳውም ይበላሉ። ከእያንዳንዱ መገጣጠሚያ የምትበላው ጥቂት ናት፤ ዘጠና ቦታ ስትደመር ግን 12 ሜትር የሚሆነው ሰንሰለት ይረዝማል፤ ይረግባል፤ ሲታጠፍም ከጥርሱ ላይ ይወልቃል። መጀመሪያ ከፊት ያለውን መንኮራኩር ገፍተው ይወጥሩታል። ያ ሲያልቅ ፒን በመዶሻ መትተው አንድ አንጓ ያወጣሉ። ጋሼ በእጃቸው አሳዩን፤ አንዱ ፒኑን ይይዛል፣ ሌላው መዶሻውን ይሰነዝራል። «የሚይዘው ነው የሚፈራው» አሉና ግራ እጃቸውን ዘረጉ። የአመልካች ጣታቸው ጫፍ የለም። ስንት ዓመት ቡና ስንጠጣ አላየሁትም ነበር።

ስለ ሰንሰለት ሲነሳ የአባቶቻችንም ታሪክ አለ። ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ዓ.ም. በደምበጊና የራስ እምሩ ጦር የጣልያኑን ሻለቃ ክሪኒቲን ጦር ሲገጥም ከጠላት በኩል ዘጠኝ ትንንሽ ታንኮች ነበሩ። እነዚያ ታንኮች የሚሽከረከር ማማ የላቸውም፤ መትረየሳቸው ወደ ፊት ብቻ ነው። የእኛ ሰዎች ይህን ተረድተው ከጎንና ከኋላ ገቡባቸው፤ ጥቂቶቹ ተገለበጡ፣ ጥቂቶቹ ተቃጠሉ። ልጄ ይህን ሲሰማ «ያንንም እንሥራ» አለ። ጋሼ ግን አልሳቁም። ታንክ ውስጥ የተቀመጠ ሰው የሚያየው በጠባብ መስታወት ነው፤ ከኋላ ማን እንደ ቆመ አያውቅም አሉ።

አሁን ቀለሙና አፈሩ። እዚህ ላይ ነው ከሆላንዶቹ ጋር የማልስማማው። እዚህ አገር የሞዴል ትርዒት ላይ የሚታየው ታንክ ሁሉ እስከ አንገቱ ጭቃ ነው። ያም ካልሆነ ከባሕር የወጣ መርከብ ይመስል በቀይ ዝገት ተሸፍኗል። እነሱ የሚያውቁት የራሺያን በረዶና የራሳቸውን ግራጫ ሸክላ ነው። የሚንቀሳቀስ ታንክ ሰንሰለት ግን እንደዚያ አይዝግም። ዝናብ ካገኘው በአንድ ሌሊት ብርቱካን ይመስላል፤ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሲሄድ ደግሞ መሬቱ ይፍቀዋል። ዝገት የሚቀረው መሬት በማይነካው ጎድጎድ ውስጥ ነው።

የመሬቱ ቀለም ምን ይሁን ብለን ጋሼን ጠየቅን። የት ነው የምታቆሟት ብለው መልሰው ጠየቁን። ጅጅጋ አልን፤ ካራማራ ዝነኛ ስለሆነ፤ ጅጅጋ ከሶማሊያ ጦር የተለቀቀችው የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ነው። ጋሼ ዙሪያውን ተመለከቱና አጠገባችን ባለው ጠረጴዛ አንድ ደንበኛ የሚበላውን ሽሮ በአገጫቸው ጠቆሙ። «ይኸው። ከዚህ ትንሽ ነጣ አድርገው።»

ከአገር ቤት አፈር ማስመጣት አይቻልም፤ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ አፈር ማስገባት ለዕፅዋት በሽታ ሲባል የተከለከለ ነው። ስለዚህ የዱቄት ቀለም ገዝተን ከቤት ሽሮ ጎን እያስቀመጥን አስተያየን። ባለቤቴ «ራሱን ሽሮውን ብትነሰንሱትስ?» ብላ ነበር። አይሆንም፤ ይሻግታል።

ላደርገው ለሚል ሰው ቅደም ተከተሉ ይኸው። መስኮት ክፈቱ፣ ብርድም ቢሆን፤ አኳራጅና ቀለም በተዘጋ ክፍል አይሆንም፤ ዱቄቱም ሲቦን ለሳንባ አይበጅም፣ ጭምብል አድርጉ። መጀመሪያ ሰንሰለቱን ጥቁርና ጥቁር ቡኒ ቀላቅሎ መርጨት፤ ንጹሕ ጥቁር ሞዴሉን ይገድለዋል። ሲደርቅ የዝገት ቀለም በአኳራጅ አቅጥኖ በየጎድጎዱ ብቻ ማስገባት። ከዚያ የአፈሩን ዱቄት በደረቅ ብሩሽ መነስነስና በየቦታው የአኳራጅ ጠብታ ማድረግ፤ ዱቄቱ እዚያው ይይዛል። ጉልህ ጉልሁን በጨርቅ መጥረግ። በመጨረሻ ጣት በእርሳስ ዱቄት ነክሮ መሬት የሚነካውን ጠርዝና የመንኮራኩሩን ጥርስ ማሸት፤ ብረቱ ያበራል። በውስጥ በኩል ግን፣ ጎማው በሚሄድበት ላይ፣ ማብራት የለበትም። የቲ-55 ጎማ ላስቲክ የለበሰ ስለሆነ እዚያ ላይ የሚታየው ደብዛዛ ግራጫ ነው። ብዙ የሚያኮሩ ሞዴሎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው። በጎማው እምብርት ላይ ግራሶ ሾልኮ አቧራ የያዘበት ጥቁር ነጥብም አይረሳ።

በሚቀጥለው ወር አምስተርዳም አንድ ክርስትና ተጠርተን ልጁ ታንኳን ይዞ ሄደ። እንግዶቹ መካከል አንዲት ኤርትራዊት ነበሩ፤ የወዳጆቻችን ጎረቤት፣ ወንድማቸው በየካቲት 1982 ዓ.ም. ለምፅዋ በተደረገው ጦርነት የሞተባቸው። ምፅዋ ላይ ዛሬ ሦስት ታንኮች በመታሰቢያነት ቆመዋል። ታንኳን አንስተው አገላበጧት። «የማን ናት?» አሉ በአማርኛ። ልጄ «የኔ» አለ። ሁላችንም ሳቅን፤ እሳቸውም። እውነቱን ለመናገር ጥያቄው ግን መልስ አልነበረውም። ያች ታንክ ከአንዱ ወደ ሌላው ስትማረክ፣ ሰንሰለቷን እየቀየረች ሁሉንም አገልግላለች። እኛ ደግሞ ምንም ዓይነት ምልክት አልቀባንባትም። ሴትዮዋ ስትመለስላቸው እጃቸው ላይ ትንሽ የሽሮ መልክ ያለው ዱቄት ቀረ፤ በናፕኪን ጠረጉት።

የቀረው የምትቆምበት መሬት ነበር። በእንጨት ላይ ጀሶ አፍስሰን፣ ሳይደርቅ ያቺን የተረፈች አንጓ ከሌሎች ትርፍ አንጓዎች ጋር አጣብቀን፣ ከታንኳ ኋላ ዱካ አተምን። ጋሼ ዘንድ በድጋሚ ይዘናት ሄድን። አፈሩን አመሰገኑ። ከዚያ ልጁ ጠየቃቸው፤ እኔ ስንት ዓመት ያልጠየቅኩትን። የእርስዎ ታንክ የት ቀረ አላቸው።

አፋበት አሉ። መጋቢት 1980 ዓ.ም. ናደው ዕዝ የተደመሰሰበት ነው። ወደ ኋላ የሚያፈገፍገው የታንክና የመኪና ሰልፍ ዓዲ ሽሩም በሚባለው ጠባብ መንገድ ፊቱ ተመትቶ ሲዘጋ፣ ሰባ ያህል ተሽከርካሪ መውጫ አጣ። እንዳይማረክ ተብሎም የገዛ አየር ኃይላችን ደበደበው። ይህ በታሪክ የታወቀ ነው። ጋሼ የጨመሩት ጥቂት ነው፤ ወርደው በእግራቸው እንደ ወጡ ብቻ። ከአራቱ ስንቱ እንደ ወጡ አልተናገሩም፤ ልጁም አልጠየቀም።

ወደ ሰሌዳው ጎንበስ ብለው በጣታቸው ከታንኳ ፊት ያለውን ንጹሕ መሬት ነኩ።

«እዚህም ዱካ አድርግ። በሄድንበት ነው የተመለስነው።»

ጀሶው ደርቆ ስለ ነበር ማተም አልተቻለም። ልጄ ማታ ቤት ገብቶ በምላጭ ጫፍ አንድ አንድ መስመር እየቀረጸ ሲሠራ እስከ እኩለ ሌሊት ቆየ። በአማርኛ እየቆጠረ ነበር።